ዱንጋ፦ ከአምበልነት እስከ አሰልጣኝነት

መግቢያ

“ጥሩ ተጫዋች የነበረ ሰው ጥሩ አሰልጣኝ ይሆናል ወይ?” የሚለው ጥያቄ በስፖርት ሳይንስ ክፍላችን በተነሳ ቁጥር ያከራክራል። እኔ “ዲሲፕሊን ያለው ተጫዋች ጥሩ አሰልጣኝ ይወጣዋል” ባይ ነበርኩ፤ ምሳሌዬም ብራዚላዊው ዱንጋ ነበር። ለተግባር ልምምድ በተመደብኩበት የታዳጊዎች ቡድን የገጠመኝ ነገር ግን ታሪኩን እንደገና እንዳጠና አስገደደኝ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ተጫዋቹ

ዱንጋ በ1963 በደቡብ ብራዚል፣ በኢጁዪ ከተማ ተወለደ። ቅጽል ስሙ ከሰባቱ ድንኮች የአንዱ ስም ሲሆን፣ ያወጣለትም “ይህ ልጅ አጭር ሆኖ ይቀራል” ብሎ ያሰበ አጎቱ ነው። በኢንተርናሲዮናል ጀምሮ በጣሊያን ለፊዮረንቲና፣ በጀርመን ለሽቱትጋርት፣ በጃፓን ደግሞ ለጁቢሎ ኢዋታ ተጫውቷል። ሥራው የተከላካይ አማካይ ሥራ ነው፤ ኳስ መንጠቅ፣ ክፍተት መድፈን፣ ኳሷን በቀላሉ ለጓደኛ ማቀበል። ተመልካች የሚያጨበጭብለት ሥራ አይደለም።

በ1990 የዓለም ዋንጫ ብራዚል በጥሎ ማለፉ በአርጀንቲና 1 ለ 0ተሸንፋ ስትወጣ የአገሩ ጋዜጠኞች ያንን ውበት የሌለው አጨዋወት “የዱንጋ ዘመን” አሉት። የአንድ ቡድን ጥፋት በአንድ ሰው ስም ተጠራ ማለት ነው።

በ1994 ግን ነገሩ ተገለበጠ። አምበሉ ራኢ ከቋሚ አሰላለፍ ሲወጣ አምበልነቱ ለዱንጋ ደረሰ። በፍጻሜው ከጣሊያን ጋር 0 ለ 0 ተለያይተው ወደ መለያ ምት ሲገቡ ዱንጋ የራሱን ምት አስቆጠረ፤ ከእሱ ቀጥሎ ሮቤርቶ ባጅዮ ሳተ፤ ብራዚልም 3 ለ 2 አሸንፋ ከ24 ዓመት በኋላ ዋንጫ አነሳች። እዚህ ላይ ልብ እንበል፦ ዱንጋ ከኋላ ሲጠብቅ ከፊት ሮማሪዮና ቤቤቶ ነበሩ። የእሱ ሥርዓት የእነሱን ችሎታ ያገለግል ነበር።

አሰልጣኙ

በ2006 የብራዚል ፌዴሬሽን አንድም ቡድን አሰልጥኖ ለማያውቀው ዱንጋ ብሔራዊ ቡድኑን ሰጠው። ሰውየው አላሳፈረም። በ2007 የኮፓ አሜሪካ ፍጻሜ አርጀንቲናን 3 ለ 0 አሸነፈ። በ2009 የኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ፍጻሜ ደግሞ በአሜሪካ 2 ለ 0 ከተመራ በኋላ 3 ለ 2 አሸነፈ። የዓለም ዋንጫ ማጣሪያውንም በአንደኝነት ጨረሰ።

ለ2010 ቡድኑን ሲመርጥ ግን የሚያምናቸውን ብቻ ያዘ። ሮናልዲኞን ተወው፤ ብዙ ብራዚላውያን የጠየቁለትን የ18 ዓመቱን ኔይማርንና ጓደኛውን ጋንሶንም አልወሰደም። በሩብ ፍጻሜው ከሆላንድ ጋር ሮቢኞ ቀድሞ አስቆጠረ፤ በሁለተኛው አጋማሽ ሆላንድ ሁለት ጎል አገባች፤ ፌሊፔ ሜሎ በቀይ ካርድ ወጣ። ራሚሬስ በቅጣት፣ ኤላኖ በጉዳት አልነበሩም። ተቀያሪ ወንበሩ ላይ ጨዋታውን የሚቀይር ሰው ሲፈለግ ጠፋ። ዱንጋም ተሰናበተ።

በ2014 ብራዚል በጀርመን 7 ለ 1 ከተሸነፈች በኋላ “ሥርዓት የሚያስይዘን እሱ ነው” ተብሎ ተመለሰ። ግን በ2015 ኮፓ አሜሪካ በፓራጓይ በመለያ ምት፣ በ2016 ደግሞ በፔሩ 1 ለ 0 ተሸንፎ ከምድብ ሳያልፍ ወጣ፤ የፔሩ ጎል በእጅ የተነካ ቢሆንም ስንብቱ አልቀረለትም።

ከዚህ ምን ተማርኩ?

ወደ ራሴ ልምላስ። በልምምድ ቡድኔ ውስጥ ኳስ እግሩ ላይ የሚጣበቅ አንድ ልጅ ነበር፤ ሁለት ቀን አርፍዶ መጣና ከጨዋታው ጭራሽ አስወጣሁት። በልቤ “ዱንጋም ይህንኑ ያደርግ ነበር” አልኩ። 1 ለ 0 እየተመራን ወደ ወንበሩ ዞር ስል ተከላካዮች ብቻ ተቀምጠዋል። ልጁ ከመስመሩ ውጪ ቆሞ ያየኛል። ተሸነፍን። ሽንፈቱ ሳይሆን የልጁ አስተያየት ነው እስካሁን የማይለቀኝ።

በሚቀጥለው ሳምንት ጠራሁት። ለማርፈዱ ከቋሚ አሰላለፍ ውጪ እንደሚሆን፣ ከቡድኑ ግን እንደማይወጣ ነገርኩት።

ማጠቃለያ

በእኔ እምነት ዱንጋ በ1994 ያሸነፈው በዲሲፕሊን ብቻ፣ በ2010 የተሸነፈውም በዲሲፕሊን ምክንያት አይደለም። ዲሲፕሊን መሠረት ነው፤ መሠረት ብቻውን ግን ቤት አይሆንም። ተጫዋቹ ዱንጋ ከእሱ የማይመስሉ ሰዎች ጋር ስለተጫወተ አሸነፈ፤ አሰልጣኙ ዱንጋ ግን እሱን የሚመስሉትን አበዛ። እኛም ነገ ፉጨት አንገታችን ላይ ስናንጠለጥል፣ ወንበሩ ላይ እኛን የማይመስል ልጅ መኖሩን አስቀድመን እንይ።