ለጀማሪ ቤተሰብ የሚሆን ወንዝ

ጥያቄ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምንኖረው። ከጓደኞቻችንና ከ9 ዓመት ልጃችን ጋር ለአንድ ቀን ራፍቲንግ መሄድ አስበናል። ዋና የማይችሉም አሉን። የት ይሻለናል?

መልስ፦ ሃርፐርስ ፌሪን እመርጥላችኋለሁ፤ ሼናንዶዋና ፖቶማክ ወንዞች የሚገናኙበት ነው። ከ1 እስከ 6 ባለው የአስቸጋሪነት መለኪያ፣ በሐምሌና በነሐሴ ውሃው ሲቀንስ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 አያልፍም። የፔንሲልቬንያው ታችኛው ያካጌኒ ወንዝ ግን 4 ስለሚደርስ ለልጃችሁ ይቆይለት። ከባድ ዝናብ ከዘነበ ግን የትኛውም ወንዝ ጠባዩ ይለወጣል፤ ለመሳፈር የሚፈቀደው ትንሹ ዕድሜም አብሮ ከፍ ሊል ስለሚችል ጠዋት ለራፍቲንግ ድርጅቱ ደውላችሁ አረጋግጡ።

ዋና አለመቻል አያስቀርም፤ ላይፍ ጃኬቱ ግን ጠበቅ ብሎ ይታሰር። ከጀልባው የወደቀ ሰው በጀርባው ተንጋሎ፣ እግሩን ወደ ውሃው መውረጃ አንስቶ ይንሳፈፍ። ወራጅ ውሃ ውስጥ ለመቆም መሞከር እጅግ አደገኛ ነው፤ እግር ድንጋይ መሃል ከተቀረቀረ ውሃው ሰውን ገፍቶ ያሰጥማል። ይህን ለልጁ ቤት እያላችሁ አለማምዱት።