በኢንተርኔት የሰፈር ንግድ ቤት ስለ መፈለግ

ሁለት ተማሪዎች የደንብ ልብስ ለማሰፋት አስበው፥ አንዱ አራት ኪሎ ሌላው መገናኛ ሆነው፥ በአንድ ሰዓት «ልብስ ሰፊ» ብለው ጉግልን ቢጠይቁ የሚያገኙት ዝርዝር አንድ ዐይነት አይሆንም። ጥያቄው አንድ ሲሆን መልሱ ስለ ምን ይለያያል? ነገሩ የብዙ ሰዎችን እንጀራ የሚነካ ስለ ሆነ መርምሮ ማወቅ ይገባል።

ጉግል የተባለው ኩባንያ በአሜሪካ አገር የተመሠረተው በ1998 ዓ.ም. ነው። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ2005 ዓ.ም. ካርታውን ለሕዝብ አቀረበ፤ በዚያው ዓመትም መልሱን እንደ ጠያቂው የቀድሞ ፍለጋ እየለየ መስጠት ጀመረ። ይህ አሠራር መጀመሪያ በኩባንያው ዘንድ ለተመዘገቡ ሰዎች ብቻ ነበር፤ በ2009 ዓ.ም. መጨረሻ ግን ላልተመዘገቡትም ጭምር ሆነ።

ኩባንያው ራሱ እንደሚገልጸው፥ የአካባቢ ንግድ ቤቶች የሚደረደሩት በተለይ በሦስት ነገሮች ነው።

አንደኛ፥ ተስማሚነት ነው። ይኸውም በንግድ ቤቱ መዝገብ ላይ የተጻፈው ከተጠየቀው ጋራ መስማማቱ ነው።

ሁለተኛ፥ ርቀት ነው። ስልኩ ጠያቂው ያለበትን ቦታ ይናገራል፤ ይህ ቢከለከል እንኳ መሣሪያው ከኔትወርኩ አድራሻ በግምት ይደርስበታል።

ሦስተኛ፥ ታዋቂነት ነው። ስለ ንግድ ቤቱ ምን ያህል እንደ ተጻፈና ደንበኞች ምን አስተያየት እንደ ሰጡ ይታያል።

ገንዘብ ከፍሎ በዚህ ተራ ውስጥ ከፍ ማለት እንደማይቻል ኩባንያው ይናገራል፤ የተከፈለበት ማስታወቂያ ግን ምልክት ተደርጎበት ከላይ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ምልክቱን አይቶ መለየት ያስፈልጋል።

ከዚህ የምንረዳው ትልቅ ቁም ነገር፥ ዝርዝሩ የሙያ ማዕረግ አለመሆኑን ነው። ሠላሳ ዓመት በመቀስና በመርፌ የኖረ ባለሙያ መዝገብ ከሌለው ጭራሽ አይታይም፤ ትናንት የከፈተ ግን መዝገቡን በሚገባ ከሞላ ከፊት ሊቀመጥ ይችላል። መሣሪያው የሚያውቀው የተነገረውን ብቻ ነው እንጂ የስፌቱን ጥራት በእጁ ዳሶ አይደለም።

በአገራችን ደግሞ የተለየ ችግር አለ። በከተሞቻችን ቦታ የሚነገረው በመንገድ ስምና በቤት ቍጥር ሳይሆን «ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ፥ ከአደባባዩ ወዲህ» እየተባለ ነው። ይህ ለሰው በቂ ቢሆንም ለካርታ አይበቃም፤ ትክክለኛው ነጥብ በካርታው ላይ መተከል አለበት። ሰዓትም እንዲሁ ነው። ጧት በ2 ሰዓት የሚከፍት ሰው በመዝገቡ 2 ሰዓት ብሎ ቢሞላ፥ ካርታው በውጭ አገር አቆጣጠር ስለሚያነበው ሌሊት በ8 ሰዓት ይከፈታል ማለት ይሆናል፤ መጻፍ ያለበት 8 ነው። ስምም ቢሆን አንዱ «ፀሐይ» ሌላው «ጸሃይ» እያለ የሚጽፈው ስለ ሆነ፥ ባለቤቱ በሰሌዳውና በመዝገቡ ላይ አንድ አጻጻፍ ቢይዝ ይሻላል።

እንግዲህ ከተማሪ ምን ይጠበቃል? «የአገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» እንዲሉ፥ የሰፈርን ነገር አስተካክሎ የሚያስመዘግብ የሰፈር ልጅ ነው። ምዝገባው ገንዘብ አይጠይቅም። ስለዚህ ስልክ መያዝ እንጂ መዝገብ መሙላት ለማይሆንላቸው ጎረቤቶቻችን፥ ፈቃዳቸውን ጠይቀን ስማቸውን፥ ቦታቸውንና የሥራ ሰዓታቸውን አብረናቸው እንሙላ። አስተያየት ስንጽፍም ያየነውን ብቻ እንጻፍ፤ ሳይገለገሉ ማመስገንም ሆነ መንቀፍ በሐሰት መመስከር ነው፥ የሰውንም ገበያ ይዘጋል።

ራሳችን ስንፈልግ ደግሞ በመጀመሪያው ስም ላይ አንቁም፤ ዝርዝሩን ወደ ታች እንመልከት፥ ካርታውን አስፍተን እንይ፥ የጓደኛችንንም ስልክ ከኛ ጋራ እናስተያይ። ከዚያም በኋላ እናቶቻችንንና አባቶቻችንን «ጥሩ ልብስ ሰፊ ማን ነው?» ብለን እንጠይቅ። በስልኩ ያልተጻፈው ስም በነርሱ ዘንድ ሊገኝ ይችላልና።