ካሊናጎ፦ ስድብ ስም ሆኖባቸው የቆዩ ሕዝቦች

የካሪቢያን ነባር ሕዝቦች ኮሎምበስ በ1492 እ.ኤ.አ. ከደረሰ በኋላ «አለቁ» ሲባል እንሰማለን። በበሽታ፣ በጦርነትና በባርነት እጅግ ብዙዎች አልቀዋል፤ ሁሉም ግን አላለቁም።

ዶሚኒካ የምትባለውን ትንሽ ተራራማ ደሴት እንመልከት (ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ሌላ አገር ናት)። ነባሮቹ ራሳቸውን ካሊናጎ ይላሉ። ስፔናውያን ግን «ካሪብ» አሏቸው፤ «ካኒባል»፣ ማለትም ሰው በላ፣ የሚለው ቃል የመጣው ከዚሁ ስም ነው። በ1503 ንግሥት ኢዛቤላ ሰው በላ የተባሉት እምቢ ካሉ ተይዘው በባርነት እንዲሸጡ ፈቀደች። ከባሏ ጋር ግራናዳን ከሙስሊሞች እጅ የወሰደችው እሷው ናት። ስድቡ የባርነት ፈቃድ ሆነ ማለት ነው።

ካሊናጎዎች ተራራውን ተገን አድርገው ቆዩ። በ1903 የእንግሊዝ አስተዳደር 3,700 ኤከር ገደማ መሬት ከለለላቸው። ቋንቋቸው በደሴቷ ላይ ጠፍቷል። የሚገርመው፣ የካሊናጎና የአፍሪካውያን ልጆች የሆኑት ጋሪፉናዎች የዚያን ቋንቋ ዘመድ ዛሬም በሆንዱራስና በቤሊዝ ይናገሩታል፤ እንግሊዞች በ1797 ከሴንት ቪንሰንት ደሴት ያጋዟቸው ናቸው።

በ2015 የተከለለው መሬት ስም በሕግ «የካሊናጎ ግዛት» ተብሎ ተቀየረ። በ2023 ደግሞ ከካሊናጎ ወገን የሆኑት ሲልቫኒ በርተን የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ባሕሩ ግን እስካሁን ካሪቢያን ይባላል።