ስለ መዳብና ስለ ውል

ልጆች ሆይ! በየደጃፋችን «ቁራሌው!» እያለ የሚጮኸውን ሰው ታውቁታላችሁ። ይህ ጥሪ «ቆርቆሮ ያለው» ከማለት ያጠረ ነው። ብዙዎች ሥራውን ይንቁታል፤ ነገር ግን እኛ የጣልነውን አንሥቶ ለሌላ ጥቅም የሚያበቃ ስለ ሆነ ሊመሰገን ይገባዋል። እርሱ የሰበሰበው አሮጌ ዕቃ በአዲስ አበባ፥ በመርካቶ ገበያ፥ ምናለሽ ተራ ወደሚባለው ሰፈር ይደርሳል። በዚያም ብረት ቀጥቃጮች አሮጌውን በርሜል ምድጃና ሌላም ዕቃ ያደርጉታል።

መዳብ ከተራ አሮጌ ብረት ይልቅ እጅግ ውድ ነው። መልኩ ቀላ ያለ ነው፤ የሚቀልጠውም በ1085 ዲግሪ ሙቀት ነው። አንድ ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ሲመዝን፥ ያንኑ ያህል ስፍራ የሚይዝ መዳብ 9 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ከቆርቆሮ ጋር ቢቀልጥ ነሐስ፥ ከዚንክ ጋር ቢቀልጥ ናስ ይሆናል። ከብር በቀር ኤሌክትሪክን እንደ እርሱ የሚያሳልፍ ማዕድን የለም፤ ስለዚህም የሞተር ጥምጥም የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ ከመዳብ ሽቦ ነው።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1821 ሚካኤል ፋራዴይ የተባለ እንግሊዛዊ ሊቅ የኤሌክትሪክ ኃይል ሽቦን ሊያዞር እንደሚችል በሥራ አሳየ። ዛሬ ብዙ የእህል ወፍጮና የውሃ መሳቢያ የሚዞሩት በዚሁ ኃይል ነው። በሞተሩ ውስጥ ከስስ የብረት ገበታዎች የተደራረበ፥ የማይንቀሳቀስ ክፍል አለ፤ ቀለም የተቀባው የመዳብ ሽቦም በዚያ ላይ ተጠምጥሟል። በመካከል የሚዞረው ክፍል ግን ብዙ ጊዜ በውስጡ አልሙኒየም እንጂ መዳብ የለውም። ቀለሙ ቀይ ሆኖ ሳለ ውስጡ አልሙኒየም የሆነ ሽቦም ይገኛል፤ በቢላዋ ጫፍ ቢፋቅ ነጭ ሆኖ ይታያል። እንግዲህ ዕውቀት የሌለው ሰው በቀላሉ ይታለላል።

አሁን ሦስት ሰዎችን እናስብ። አንዱ ገንዘብ አለው፤ ሁለተኛው ጋሪ አለው፥ ሰፈሩንም ሁሉ ያውቃል፤ ሦስተኛው በዕድሜ የሸመገለ ሲሆን ሞተር መፍታት ያውቃል። ለየብቻቸው ሆነው ብዙ ሊሠሩ አይችሉም፤ ስለዚህ ተባበሩ። ከመጀመራቸውም በፊት እንዲህ ብለው ተዋዋሉ፦ «አስቀድሞ የመግዣው ገንዘብ ለሰጠው ሰው ይመለስ፤ የቀረውን ትርፍ ሦስታችን እኩል እንካፈል፤ ኪሳራም ቢሆን እኩል እንሸከም፤ ሚዛን ሁልጊዜ በሦስታችን ፊት ይሁን፤ ከየት እንደ መጣ ያላወቅነውን ዕቃ አንግዛ።»

የዚህን ውል ጥቅም በሒሳብ እንመልከት። የተቃጠለ የወፍጮ ሞተር በ3,000 ብር ገዝተው መዳቡንና ብረቱን በ4,800 ብር ሸጡ እንበል። ሁሉን በሦስት ቢከፍሉት ለእያንዳንዱ 1,600 ብር ይደርሰዋል፤ ነገር ግን ባለገንዘቡ 1,400 ብር ይከስራል። በውላቸው መሠረት ግን 3,000ው አስቀድሞ ይመለሳል፤ ከቀረው 1,800 ብርም እያንዳንዱ 600 ብር ያገኛል። በ2,700 ብር ብቻ ቢሸጡት ደግሞ የጎደለውን 300 ብር መቶ መቶ ይከፍላሉ። ውል ከሥራ በፊት ሲነገር ከሥራ በኋላ ጠብ አይነሣም።

አንድ ቀን ሲመሽ አንድ የማያውቁት ሰው ጭቃ የነካው ሞተር አምጥቶ በርካሽ ልሽጥላችሁ አላቸው። ባለገንዘቡ ደስ ብሎት፥ «ጋሼ፥ ቶሎ እንግዛው፤ እኛ ብንተወው ሌላ ሰው ይገዛዋል» አለ። ሽማግሌው ግን ሞተሩን በፋኖስ ብርሃን መረመረው። ዘንጉ ያለ እንከን ዞረ፤ ጥምጥሙ አልጠቆረም፥ የተቃጠለ ሞተር ሽታም አልነበረበትም፤ የገመዱ ጫፍ ግን ገና በቅርቡ ተቆርጦ ነበር። ሽማግሌውም፥ «ወንድሜ፥ ይህ ሞተር አልተበላሸም፤ ከሥራው ላይ ተነቅሎ ነው የመጣው። የውሃ መሳቢያ ነው። እኛ ሦስት ኪሎ መዳብ እናገኝ ይሆናል፤ አንድ መንደር ግን ነገ ውሃ ያጣል» አለው።

ባለገንዘቡ ተቆጣ፤ «ገንዘቡ የእኔ አይደለምን?» አለ። ባለጋሪውም፥ «ገንዘቡ የአንተ ነው፤ ውሉ ግን የሦስታችን ነው» ሲል መለሰለት። ያን ጊዜ ባለገንዘቡ ዝም አለ፤ እጁንም ከኪሱ አወጣ። ይህን ሲያይ ሻጩ ሞተሩን ጥሎ ሸሸ። እነርሱም በዚያው ሌሊት ሞተሩን በጋሪ ጭነው ለፖሊስ አስረከቡ። በዚያ ሳምንት ያገኙት ትርፍ ጥቂት ነበረ፤ ጋሪውንም የገፉት በነጻ ነው። ነገር ግን ከሦስቱ አንዱም በባልንጀራው ፊት አላፈረም።

ልጆች ሆይ! ውል በትርፍ ቀን ብቻ ሳይሆን በፈተናም ቀን የሚጠበቅ መሆኑን ከዚህ ተማሩ። ባልንጀራችሁ ሊሳሳት ሲል በውላችሁ አስታውሱት፤ እርሱም ሲያስታውሳችሁ አትቆጡ።

ማስጠንቀቂያ፦ ሞተር መፍታት የልጆች ሥራ አይደለም። ከመብራት ከተለየ በኋላ እንኳ ኤሌክትሪክ በውስጡ አቆይቶ የሚመታ ሞተር አለ። የሽቦውንም ልባስ በእሳት ማቃጠል አይገባም፤ ጢሱ መርዝ ነው፥ የተቃጠለ መዳብም ዋጋው ይቀንሳል።

ጥያቄ፦
1. የሽቦው ውስጥ መዳብ ወይም አልሙኒየም መሆኑ በምን ይታወቃል?
2. ሞተሩን በ3,600 ብር ቢሸጡት እያንዳንዱ ምን ያህል ትርፍ ያገኝ ነበር?
3. ሽማግሌው ሞተሩ የተሰረቀ መሆኑን በምን በምን ምልክት ጠረጠረ?