ከማን ድርሻ ይቀነስ? ስለ ኑሮ ውድነትና ስለ ደመወዝተኛው ቤተሰብ የተዘጋጀ ትምህርት



ኑሮ ሲወደድ በገበያ የሚሰማው የሻጭና የገዢ ክርክር ነው። በቤት ውስጥ ግን ሳይነገር የሚቀር ሌላ ጥያቄ አለ። ወሩ ሳይጋመስ ደመወዙ ሲመናመን፣ ከቤተሰቡ መካከል ድርሻው የሚቀነሰው የማን ነው? የአባት የመጓጓዣ ገንዘብ ነውን? የእናት ምሳ ነውን? የአያት የደም ግፊት መድኃኒት ነውን? ወይስ በቤቱ ውስጥ ተቀጥራ ለምታገለግለው ልጅ የሚከፈላት ደመወዝ?

ስለ ዋጋ መናር ብዙ ይነገራል። በዚህ ትምህርት ግን ትኩረታችን ሸክሙ በማን ትከሻ ላይ እንደሚያርፍ መመርመር ነው። ካቴኪስቶች በቁምስናቸው ከቤተሰቦችና ከወጣቶች ጋር እንዲወያዩበት በአምስት ክፍል ቀርቧል።

1. የኑሮ ውድነት በደመወዝተኛው ላይ የሚበረታው ስለ ምንድን ነው?

ነጋዴ ዕቃው ሲወደድበት የመሸጫ ዋጋውን ከፍ ሊያደርግ ይችላል። ገበሬም የማዳበሪያ ዋጋ ቢያስጨንቀውም ቢያንስ ለቤቱ የሚሆን እህል በጎተራው ይኖረው ይሆናል። ደመወዝተኛ ግን የሚሸጠው ጉልበቱንና ዕውቀቱን ነው። የሚሸጥበት ዋጋ ለዓመታት ሳይለወጥ ሲቆይ፣ የሚገዛው ነገር ዋጋ በየሳምንቱ ይለወጥበታል።

በቀላል ምሳሌ እንየው። አንድ ሠራተኛ 5,000 ብር እያገኘ 4,000 ብር ለኑሮው ያወጣ ነበር እንበል። ደመወዙ ወደ 6,000 ብር አደገለት፤ ያው አስቤዛ፣ ያው የቤት ኪራይ፣ ያው መጓጓዣ ግን 6,000 ብር ደረሰ። በወረቀት ላይ 1,000 ብር ተጨምሮለታል፤ በእጁ ግን ቀድሞ ይተርፈው የነበረው 1,000 ብር ጠፍቷል። ስለዚህ «ደመወዝ ተጨምሮልሃል፤ ለምን ታማርራለህ?» የሚለው ወቀሳ ሁልጊዜ ትክክል አይደለም።

በአገራችን ያለፉት ዓመታት ይህንኑ አሳይተውናል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ አንድ የአሜሪካ ዶላር በባንክ የሚመነዘረው በ57 ብር ገደማ ነበር፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ130 ብር በላይ ሆኗል። ነዳጅ፣ መድኃኒት፣ ማዳበሪያና ብዙው የምግብ ዘይት ከውጭ የሚገቡ ናቸው። ጤፍ ከውጭ ባይመጣም የሚጓጓዘው በነዳጅ ስለሆነ ከዚህ ሊያመልጥ አይችልም።

ሸክሙን ለማቃለል የተወሰዱ እርምጃዎችም አሉ። በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ የተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ ግብር የማይከፈልበትን የወር ደመወዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ አድርጓል። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮም የመንግሥት ሠራተኞች ዝቅተኛ ደመወዝ ከ4,760 ብር ወደ 6,000 ብር አድጓል። ሆኖም ሒሳቡን እስከ መጨረሻው እንከተለው። ከ6,000 ብር ላይ 700 ብር የሥራ ግብርና በመቶ 7 የጡረታ መዋጮ፣ ማለትም 420 ብር፣ ሲቀነስ በእጅ የሚደርሰው 4,880 ብር ነው። ለ30 ቀን ሲካፈል በቀን 163 ብር ያህል ይሆናል። በዚህ ገቢ ብቻ የሚተዳደሩ አምስት ሰዎች ቢኖሩ ለአንድ ሰው በቀን የሚደርሰው 33 ብር አይሞላም፤ ከዚያ ላይ ምግብ፣ ኪራይ፣ መጓጓዣ፣ ሳሙና፣ ደብተርና ሕክምና ይወጣሉ። «ከእጅ ወደ አፍ» የሚባለው ኑሮ ይህ ነው።

2. ሰዎች ችግሩን የሚቋቋሙባቸው መንገዶች

ሀ) መቀነስ። ብዙ ቤተሰቦች ጤፉን ከማሽላ፣ ከበቆሎ ወይም ከሩዝ ጋር ቀላቅለው ይጋግራሉ፤ ታክሲ ትተው በእግር ይሄዳሉ፤ ዘይትና ስኳር በትንሽ በትንሹ ይገዛሉ። ይህ ብልኀት ነው፤ ግን ሁለት ነገሮችን ልብ እንበል። አንደኛ፣ በትንሹ የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከባለ ጆንያው የበለጠ ዋጋ ይከፍላል፤ ድህነት ራሱ ያስወድዳል። ሁለተኛ፣ መቀነስ ሁልጊዜ ወደማይናገረው ሰው ያደላል። ልጅ ሲርበው ያለቅሳል፤ እናት ግን «እኔ በልቻለሁ» ብላ ሞሰቡን ትከድናለች። አያትም በቀን ሁለት ጊዜ የታዘዘለትን ክኒን ማንም ሳያውቅ አንድ ጊዜ መዋጥ ይጀምራል።

ለ) ዱቤና ብድር። የሰፈር ሱቅ ዱቤ መተማመን ያለበት መልካም ልማድ ነው። አደጋው የሚመጣው ወደ አራጣ ሲያመራ ነው። 5,000 ብር በወር በመቶ 10 ወለድ የተበደረ ሰው በየወሩ 500 ብር ይከፍላል፤ በ10 ወር ውስጥ 5,000 ብር ከፍሎ ሳለ ዋናው 5,000 ብር ዕዳ እንዳለ ይቆየዋል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕጋችን አራጣን የሚያስቀጣ ወንጀል አድርጎታል። በቤተ ክርስቲያን ትምህርትም በወንድም ችግር ላይ ማትረፍ ከባድ ኃጢአት ነው።

ሐ) ተጨማሪ ሥራ። መምህሩ ማታ ያስጠናል፤ ጥበቃው ቀን ቀን ሸክም ይሠራል። ጥረቱ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ዕረፍት የሌለው ሰው ለልጆቹ ጆሮ፣ ለጸሎት ጊዜ ያጣል። በእሑድ ቅዳሴ ያልታየውን ሰው «ሰነፍ» ከማለታችን በፊት የት እንዳደረ እንጠይቅ።

መ) መተባበር። ዕቁብ፣ እድር፣ የቁጠባና ብድር እንዲሁም የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ለዘመናት የተፈተነ ወይም በሕግ የታወቀ አቅም አላቸው። በዚህም ላይ ግን ማስተዋል ያስፈልጋል። ዋጋ በሚንርበት ጊዜ የዕቁቡ ዕጣ መጨረሻ ላይ የሚደርሰው ሰው የሚቀበለው የብር ቁጥር ከመጀመሪያው ሰው ጋር እኩል ነው፤ የሚገዛለት ዕቃ ግን ያነሰ ነው። ስለዚህ የተቸገረውን አባል ማስቀደም ለእርሱ እውነተኛ ስጦታ ነው።

3. የእግዚአብሔር ቃልና የቤተ ክርስቲያን ትምህርት

ኦሪት ዘዳግም የድኻውን ሠራተኛ ደመወዝ ፀሐይ ሳይጠልቅ መክፈል እንደሚገባ ያዛል፤ ምክንያቱም ሠራተኛው ነፍሱን በዚያ ደመወዝ ላይ ጥሏል (ዘዳ. 24፡14-15)። ጦቢትም ልጁን ሲመክር የሠራተኛውን ዋጋ እንዳያሳድር ያሳስበዋል (ጦቢ. 4፡14)። ሐዋርያው ያዕቆብ የተቀማ ደመወዝ ራሱ እንደሚጮኽና ጩኸቱም ወደ ጌታ ጆሮ እንደሚደርስ ያስተምራል (ያዕ. 5፡4)። ጌታችን ስለ ወይኑ አትክልት ሠራተኞች የተናገረው ምሳሌ (ማቴ. 20፡1-16) በቀጥታ ስለ እግዚአብሔር ቸርነት የሚናገር እንጂ የደመወዝ ሕግ አይደለም። ሆኖም ባለቤቱ ወደ ማታ ለተቀጠረው የሰጠው አንድ ዲናር በዚያን ዘመን የቀን ሠራተኛ ዋጋ እንደ ነበር ስናስብ፣ ዘግይቶ የመጣውም ሰው የዕለት እንጀራ እንደሚያስፈልገው ባለቤቱ እንዳልዘነጋ እንረዳለን።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮ 13ኛ እ.ኤ.አ. በ1891 ባወጡት «ሬሩም ኖቫሩም» በተባለው መልእክታቸው አንድ ታላቅ ነገር አስተምረዋል። ይኸውም ሠራተኛውና አሠሪው መስማማታቸው ብቻ ደመወዙን ፍትሐዊ አያደርገውም የሚል ነው። ራበኝ ብሎ የመጣ ሰው በትንሽ ገንዘብ ሊስማማ ይችላል፤ ስምምነቱ ግን ከችግር የተወለደ እንጂ ከነፃነት የመጣ አይደለም። ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1981 «ላቦሬም ኤክሰርቼንስ» በተባለው መልእክታቸው ፍትሐዊ ደመወዝ ቤተሰብን ለማቋቋምና ለነገም ለማሰብ የሚያስችል መሆን እንዳለበት፣ የአንድ ኅብረተሰብ ፍትሕም በዚህ እንደሚመዘን አስረድተዋል። እ.ኤ.አ. በ2025 የተመረጡት ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮ 14ኛ ስማቸውን ሲመርጡ ይህንኑ የሊዮ 13ኛን ትምህርት ማስታወሳቸው ጉዳዩ ዛሬም ሕያው መሆኑን ያመለክታል።

እንግዲህ ፍትሐዊ ደመወዝ የፍትሕ ዕዳ እንጂ ምጽዋት አይደለም። በአገራችንም የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛውን የደመወዝ ወለል የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም መደንገጉ ከዚህ አስተሳሰብ ጋር የሚስማማ ነው። ምእመናን በየሙያቸውና በየማኅበራቸው ስለዚህ ጉዳይ በጨዋነትና በሕግ መንገድ መጠየቃቸው የተገባ ነው።

4. እኛም አሠሪዎች ነን

እስካሁን ያልነው ለብዙ አንባቢ ደስ የሚያሰኝ ሊሆን ይችላል፤ የሚጠየቀው ሌላ ነውና። ነገር ግን ብዙ ደመወዝተኞች ራሳቸው አሠሪዎች ናቸው። በቤታቸው ሠራተኛ፣ በደጃቸው ጥበቃ፣ በሳምንት አንድ ቀን ልብስ የምታጥብ እናት አለች። ለአሠሪያችን «ገበያውን አይተው ይጨምሩልን» ብለን ስናመለክት፣ በወጥ ቤታችን ያለችው ልጅ ደመወዝ ከስንት ጊዜ በፊት በተወሰነው ላይ ቆሟል? በግል ቤት ተቀጥረው የሚያገለግሉ ሰዎች በተጠቀሰው አዋጅ ከሚሸፈኑት ሠራተኞች መካከል አይቆጠሩም። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ ዋነኛ ጠባቂያቸው የአሠሪያቸው ሕሊና ነው።

«ለእኔ ሳይበቃኝ ከየት አምጥቼ ልጨምርላት?» የሚል ሰው ይኖራል። ጥያቄው በንቀት የሚታለፍ አይደለም። የምትመገበውና የምታድርበት ወጪም በእርግጥ ጨምሯል። ይሁን እንጂ ገንዘብ መጨመር ያልቻለ ሰው ጊዜ ሊጨምርላት ይችላል፦ ማታ ትምህርት ቤት እንድትሄድ መፍቀድ፣ እሑድን ሙሉ ዕረፍት ማድረግ፣ ደመወዟን ቀኑን ሳያሳልፉ በእጇ መስጠት፣ ከቤተሰቡ ማዕድ እኩል ማካፈል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የቤቱን ችግር አስቀምጦ በግልጽ ማስረዳትና የእርሷንም ችግር መስማት ይገባል። የማይፈቀደው አንድ ነገር ነው፤ እርሷ ስለማትናገር ብቻ የመጀመሪያው ቅነሳ በእርሷ ላይ እንዲያርፍ ማድረግ።

ይህ ቃል ለእኛ ለካህናትና ለቁምስና ምክር ቤቶችም ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 የተሰበሰበው የጳጳሳት ሲኖዶስ ስለ ፍትሕ ለሰው የሚናገር ሁሉ አስቀድሞ ራሱ ፍትሐዊ ሆኖ መገኘት እንዳለበት፣ በቤተ ክርስቲያን የሚያገለግሉትም በቂ ደመወዝ ማግኘት እንደሚገባቸው አስተምሯል። የቁምስናችን ዘበኛና ጽዳት ሠራተኛ፣ የትምህርት ቤታችን ረዳት መምህርት ከሒሳባችን ተርታ በስተመጨረሻ የሚታዩ ከሆነ ስብከታችን ይጐድላል።

5. በቤታችንና በቁምስናችን ምን እናድርግ?

አንደኛ፦ ባልና ሚስት፣ ለአቅመ ማስተዋል የደረሱ ልጆችም ጭምር፣ በወሩ መጀመሪያ የቤቱን ሒሳብ በአንድነት ይመልከቱ። ቀድሞ የሚወጣው ምግብ፣ ኪራይ፣ መድኃኒትና ለሌላ ሰው የሚከፈል ደመወዝ ይሁን። የሰው ደመወዝ ከተረፈ የሚሰጥ አይደለም። ሒሳቡን በጋራ ያየ ቤተሰብ «በልቻለሁ» የምትለውን እናት ሳያያት አይቀርም።

ሁለተኛ፦ ካቴኪስቶች ለወላጆች አጥብቀው ይንገሩ፤ ጥምቀትም ሆነ የመጀመሪያ ቁርባን አዲስ ልብስና ሰፊ ድግስ አይጠይቅም። ለአንድ ቀን ግብዣ የተወሰደ ብድር የዓመት ሸክም ሲሆን አይተናል። የሁሉም ልጆች ቤተሰቦች ከቅዳሴ በኋላ ዳቦና ሻይ በጋራ ቢቀምሱ ደስታው አይጐድልም፤ ድኻውም አያፍርም።

ሦስተኛ፦ እድሮቻችን ለሞተ ሰው ፈጥነው ይደርሳሉ፤ ለታመመና ከሥራ ለተሰናበተ አባል ግን ብዙውን ጊዜ ደንባቸው ዝም ይላል። አባላት ተስማምተው ከመዋጮው ጥቂቱን ለሕያዋን ችግር ቢመድቡ፣ አንዱን ቤተሰብ ከአራጣ አበዳሪ ደጅ ሊያድኑት ይችላሉ። ከዚህም ሌላ አሥርና አሥራ አምስት ቤተሰቦች ገንዘብ አዋጥተው እህልና ዘይት በጅምላ ቢገዙ፣ በትንሹ የመግዛትን ቅጣት ይቀንሳሉ።

አራተኛ፦ ነጋዴና አከራይ የሆኑ ምእመናን የእግዚአብሔር ቃል ስለ ሐሰተኛ ሚዛንና ድኻን ስለሚረግጥ ንግድ የሚለውን ያንብቡ (ምሳ. 11፡1፤ አሞ. 8፡4-6)። በወጪያቸው ልክ መጨመር አንድ ነገር ነው፤ እህል ደብቆ መወደዱን መጠበቅ ወይም ተከራዩ መሄጃ እንደሌለው አውቆ ኪራይ መቆለል ሌላ ነገር ነው።

አምስተኛ፦ የሰውን ገመና እንጠብቅ። ደመወዝተኛ ንጹሕ ልብስ ለብሶ ስለሚወጣ ችግሩ አይታይም፤ ለመለመንም ያፍራል። የቁምስናው የበጎ አድራጎት ክፍል ስም በአደባባይ ሳይጠራ፣ በታመኑ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች በኩል ይርዳ። በዐቢይ ጾም ከማዕዳችን የምናስቀረውም ወደዚህ ይምጣ። ጾም በፈቃድ የሚደረግ ነው፤ ረሃብ ግን የማንም ፈቃድ አይደለም። በፈቃድ የተውነው እንጀራ ያለ ፈቃዱ ወደሚራበው ሲደርስ ጾማችን ፍሬ ያፈራል።

የገበያውን ዋጋ ብቻችንን ልንወስን አንችልም። በቤታችንና በቁምስናችን ግን ሸክሙ በደካማው ላይ ብቻ እንዳያርፍ ማድረግ እንችላለን። ይህም ከሐዋርያት ዘመን ጀምሮ ክርስቲያኖች ይታወቁበት የነበረ ምልክት ነው (ሐዋ. 4፡34-35)።

ለውይይት የሚረዱ ጥያቄዎች

ሀ) በቤታችን ወጪ ሲቀነስ በመጀመሪያ የሚቀነሰው ከማን ድርሻ ነው? ይህንን የወሰነው ማን ነው?

ለ) እኛ ደመወዝ የምንከፍላቸው እነማን ናቸው? ለመጨረሻ ጊዜ የጨመርንላቸው መቼ ነው?

ሐ) የእድራችን ወይም የዕቁባችን ደንብ በሕይወት ያለውን ችግረኛ አባል እንዴት ይረዳዋል? ምን ይሻሻል?

መ) በቁምስናችን ችግሩን የሚደብቅ ቤተሰብ ሳያፍር እርዳታ የሚያገኝበት መንገድ አለን?