የዕርዳታ እህል በገበያ ላይ፦ ከቻግኒ አንጻር
አዊ ዞን ከዳንግላ ጤፍ እስከ እንጅባራ ድንችና ገብስ የሚመረትበት አካባቢ ነው፤ በ2013 ዓ.ም. ግን ከመተከል የተፈናቀሉ በርካታ ቤተሰቦች በዞኑ ከተማ በቻግኒ ተጠልለው የምግብ ዕርዳታ ጠባቂ ሆኑ። በአገሪቱ የተለመደው የአስቸኳይ ጊዜ ድልድል ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬና ግማሽ ሊትር ገደማ ዘይት ነው። እህሉ በጥሬው ሲታደል ወፍጮ፣ ጨው፣ በርበሬና ማገዶ ከድልድሉ ውጭ ይቀራሉ። አምስት አባላት ያሉት ቤተሰብ ለእነዚህ ሲል ከ75 ኪሎው 10 ኪሎ ቢሸጥ፣ የእያንዳንዱ ሰው የቀን ድርሻ ከ500 ወደ 433 ግራም ይወርዳል፤ ያውም ዕደላው ካልዘገየ ነው። የዕርዳታ ስንዴ በገበያ ሲታይ ተረጂው ተርፎት እንደሸጠ መቁጠር የተለመደ ስሕተት ነው። ብዙው ሻጭ የሚሸጠው የቀረውን ለማስፈጨት ነው፤ ሁሉም በዕደላ ሰሞን ሲሸጥ ደግሞ ዋጋው ስለሚረክስ 10 ኪሎውም ላይበቃ ይችላል።