ተማሪ መጠየቅ ሲጀምር፦ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ታሪክና ትምህርቱ

የትምህርት ታሪክ ስናጠና ብዙውን ጊዜ የምንሸመድደው ዓመተ ምሕረትና የመሥራች ስም ነው። ዛሬ ግን አንድ ጥያቄ እናነሣለን፦ ጠይቅ ብለን ያስተማርነው ተማሪ የምር መጠየቅ ሲጀምር ምን እናደርጋለን?

ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ተነሥቶ በፒያሳ በኩል አራት ኪሎ የወጣ ሰው ሳይንስ ፋኩልቲ ተብሎ የሚታወቀውን ግቢ ያገኛል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተወለደው እዚያ ነው። በ1942 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ ኮሌጅ እንዲያቋቁሙ ያዘዙት የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ኃላፊ የነበሩትን ካናዳዊ፣ ዶክተር ሉሲየን ማትን ነው። ትምህርቱ በ1943 ዓ.ም. ተጀመረ።

ማትና ባልደረቦቻቸው ጀስዊት የሚባሉት የካቶሊክ ማኅበር አባላት ነበሩ። በአገራችን ደግሞ የጀስዊት ስም ቁስል ይቀሰቅሳል። አፄ ሱስንዮስ የእነሱን እምነት ተቀብለው ብዙ ደም ፈሰሰ፤ በ1624 ዓ.ም. ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ፤ ፋሲለደስም ሚሲዮናውያኑን አባረሩ። እንግዲህ ካናዳውያኑ ሃይማኖታቸውን እንዳይሰብኩ፣ የቄስ ልብስ ትተው እንደ ማንኛውም መምህር ኮትና ሱሪ ለብሰው እንዲያስተምሩ መደረጉ አይገርምም።

የግቢው ኑሮ አዳሪ ነበር። ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጡ ልጆች አብረው ይበላሉ፣ አብረው ያድራሉ፣ ሲከራከሩ ያመሻሉ። ከ1950ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች በስኮላርሺፕ የመጡ ተማሪዎች ተጨመሩ፤ ስለ ነፃነት ትግል ያወሩላቸው ነበር። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት ሲሞከር የኮሌጁ ተማሪዎች ደግፈው ሰልፍ ወጡ። በዚያው ዓመት በኮሌጅ ቀን ታምሩ ፈይሳ «ደኃው ይናገራል» የሚለውን ግጥም አነበበ። ብዙም ሳይቆይ አዳሪነቱ ቀረ። ኮሌጁም በ1954 ዓ.ም. በተቋቋመው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተጠቃለለ፤ ዩኒቨርሲቲው የአሁኑን ስሙን ያገኘው በ1967 ዓ.ም. ነው።

እኛ ዕጩ መምህራን ከዚህ ምን እንማራለን? ኮሌጁ የተቋቋመው መንግሥት የተማረ ሠራተኛ እንዲያገኝ ነበር። ነገር ግን ማንበብና መከራከር የለመደ አእምሮ እስከዚህ ድረስ ብቻ አስብ ቢሉት እሺ አይልም። መኝታ ቤት ቢዘጋ ጥያቄ አይዘጋም፤ በ1950ዎቹ መጨረሻ ተማሪው «መሬት ላራሹ» ብሎ አደባባይ ወጥቷል። ነገ በየክፍላችን እጁን አውጥቶ የሚያስቸግረንን ልጅ ዝም በል ከማለታችን በፊት ይህንን እናስብ።

የመወያያ ጥያቄዎች፦
1ኛ/ አብሮ ማደር ለተማሪዎቹ አስተሳሰብ ምን ጨመረ?
2ኛ/ መልሱን የማናውቀው ጥያቄ በክፍል ውስጥ ሲነሣ ምን ማለት ይገባናል?